ሞቷል የተባለው ሞተር

ጋሽ ጆሮ አይሰማም። በቃ፣ ተናግሬ ልገላገል። ስምንት ወር ሙሉ እንደ ሌባ ዕቃ ደብቆ ያኖረውን ነገር ይኸው እኔ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት። ቢሰማኝ ኖሮ በያዘው ቁልፍ አናቴን ይለኝ ነበር። ግን አይሰማም።

ስሙ የወጣለት ደግሞ በመስማቱ ነው፤ ጉድ እኮ ነው! አርባ ዓመት ሙሉ መኪና ሲመረምር እንደ ሌላው መካኒክ አይጎረጉርም። ረጅሙን ካቻቢቴ ያነሳና ጫፉን የታመመው ብረት ላይ፣ እጀታውን ደግሞ ቀኝ ጆሮው ላይ ይተክላል። ከዚያ ዓይኑን ይጨፍናል። ባለመኪናው ትንፋሹን ይውጣል፤ ጎረቤት ያለው ቆርቆሮ ቀጥቃጭ እንኳ መዶሻውን ያሳርፋል። ጋሽ ጆሮ ዓይኑን ገልጦ «ኩሽኔታ ነው» ካለ ኩሽኔታ ነው። ይግባኝ የለም።

እንግዲህ ቀኝ ጆሮው አንድ ቀን ድንገት ሥራ አቆመ። ግራውም «አንተ ከሄድክ እኔ ብቻዬን ምን ልሠራ» ያለ ይመስል ተከተለው፤ ጨርሶ ባይዘጋም አፍ ተደቅኖበት ካልተጮኸበት አይሰማም። ሰውየው ታዲያ ምን አደረገ? ሐኪም ቤት ሄደ? እንዴት ተደርጎ! ጆሮ የሚባል ሰው የጆሮ ሐኪም በር ላይ ወረፋ ይዞ ቢታይ መንደሩ ምን ይላል? ካቻቢቴውን እንደ ወትሮው ይተክላል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ እስከ አስር ይቆጥራል፣ ከዚያ ከጭሱ፣ ከሽታውና ከባለመኪናው ፊት አንብቦ ይፈርዳል። የሚያናድደው ደግሞ ልክ መሆኑ ነው። አርባ ዓመት የሠራ ጭንቅላት ያለ ጆሮም ይሠራል።

ሰው ሲያናግረውም ሁለት ዘዴ አለው። አንደኛው ራሱን እየነቀነቀ «ጥሩ ነው» ማለት ነው። ሁለተኛው ቀድሞ ማውራት፣ ማውራት፣ አሁንም ማውራት ነው፤ እሱ እያወራ ሌላው አያወራማ!

ለደንበኛ ይሄ ሠራ። ከልጁ ጋር ግን ጉድ አመጣበት።

ልጁ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናት። ቴስተሯ ከአንገቷ ስለማይወርድ የሰፈሩ ሰው «ቴስተር» ይላታል። አሥራ ሁለት ዓመት ከአባቷ ጎን ሠርታለች። እሱ በጆሮው ይፈርዳል፣ እሷ በቁጥር ታረጋግጣለች፤ ሲነታረኩ ላየ ሰው የሚገዳደሉ ይመስሉታል፤ እነሱ ግን ያለዚያ ሥራው አይጥማቸውም ነበር። ሰኞ ጠዋት ይቺው ልጁ እጇን በጨርቅ እየጠረገች መጥታ ፊቱ ቆመች። አቀርቅራ ረጅም ነገር ተናገረች። ስታቀረቅር ከንፈሯ አይታይም፤ ኮምፕረሰሩ ደግሞ ከጀርባዋ ይንደቀደቃል። ከዚያ ሁሉ ንግግር ቀና ስትል ከከንፈሯ ያገኘው «ቅዳሜ» የሚለው፣ «ከመንገዱ ማዶ ያለው ትልቁ ጋራዥ» የሚለውና መጨረሻ ላይ «ለዚህ ነው የምሄደው» የሚለው ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ የተናገረችውን ክፍል ሙሉ በሙሉ ኮምፕረሰሩ በላው።

ጋሽ ጆሮም ራሱን ነቀነቀና «ጥሩ ነው» አላት።

አፈር ልብላ! ልጅቷ ክው ብላ ቀረች። ማክሰኞ ደግሞ እንደገና መጣች፤ ያንኑ አሳጥራ ነገረችው መሰለኝ። እሱም ይበልጥ ነቀነቀ። ከዚያ ወዲህ ዝም ተባባሉ።

አሁን ሐሙስ ነው። ቅዳሜ ልጁ ትሄዳለች፤ ጋሽ ጆሮም ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ አድሮ ጠዋት ዓይኑ ደም ለብሶ መጣ። ልጁን ማስቀረት ይፈልጋል። ግን የምትሄድበትን ምክንያት አያውቅም፣ ብልሽቱን ሳያውቅ ደግሞ ምኑን ፈትቶ ምኑን ይጠግናል? ልጠይቃት እንዳይል፣ «ለምንድነው?» ያለ ዕለት ሁለት ጊዜ እንዳልሰማ ተናዘዘ ማለት ነው። የተናዘዘ ዕለት ደግሞ ካቻቢቴውን ተቀምቶ በር ላይ ወንበር ሊወጣለት ነው፤ ፀሐይ እየሞቀ የመጣውን ሰው «ግቡ፣ ግቡ» ሊል ነው። ሞት ይሻለኛል አለ በሆዱ።

ስለዚህ ገመተ። «ንቃኝ ነው» ብሎ ገመተ። «የካቻቢቴ ዘመን አልፏል ብላ ነው። እንግዲያው አንድ ጊዜ ዓይኗ እያየ፣ ቴስተሯ እያፈረ፣ ጆሮ ምን ማለት እንደሆነ ላሳያት!» እንግዲህ ይቺን ሐሳብ ያመጣው በማይሰማ ጆሮው መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ረፋዱ ላይ አንዲት የጥርስ ሐኪም መጣች። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፤ መኪናዋ የኋላ መስታወቱ በጭቃ ተለስኖ፣ የኋላ መከላከያው ተጨራምቶ ገባ። ሴትዮዋ አፏ እንደ መርፌዋ የሚወጋ ነው።

«የኋላው የዝናብ መጥረጊያ አልሠራ አለኝ» አለች። «ትናንት ምንም ሳይታየኝ ወደ ኋላ ስነዳ የገዛ ክሊኒኬን በር ገጨሁት። ወረፋ የያዘው ሕመምተኛ ሁሉ ጉንጩን ይዞ ተበተነ!»

«ጥሩ ነው» አለ ጋሽ ጆሮ።

«ምኑ ነው ጥሩው?»

«ጥሩ ነው፣ ዶክተር። ይግቡ፣ ይግቡ።»

ደግነቱ የተጨራመተውን መከላከያና መስታወቱ ላይ ተጋድሞ የቀረውን መጥረጊያ አይቶ ነገሩ ገባው። ልጁ ትንሿን አስር ቁጥር ቁልፍ ይዛ ወደ መኪናው ስትጠጋ በእጁ ከለከላት።

«ቆይ አንቺ! ዛሬ ጆሮ ይሥራ።»

የኋላውን በር ከፍቶ የውስጥ ሽፋኑን አነሳ። ሞተሩ እዚያ በሩ ውስጥ ተቀምጧል፤ ከቡጢ አይበልጥም። ከእሱ የሚወጣው ዘንግ በሩን በስቶ ወደ ውጭ ይዘልቅና የመጥረጊያውን ክንድ ይሸከማል። ጋሽ ጆሮ ካቻቢቴውን አወጣ፣ በጨርቅ አሸው፣ ለልጁ «አብሪው!» አላት። እሷም ከመሪው ጎን ያለውን ማብሪያ ገፋችው።

ሞተሩ ዝዝዝዝ ብሎ ተነሳ። እንዴት ያለ ዝዝታ! ብረት መያዣው ሞርሳ ሥር የተኛችው ድመት ተነስታ ወጣች። ጋሽ ጆሮ ግን ካቻቢቴውን ተከለ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ እስከ አስር ቆጠረ። ቀና ሲል ፊቱ የሐዘን ቤት ፊት ሆኗል።

«ሞቷል» አለ።

«ማን?» አለች ሐኪሟ።

«ሞተሩ። ነፍሱን ይማረው። አዲስ መግዛት ነው።»

«ኧረ ጋሼ፣ እየጮኸ እኮ ነው!»

«አዎ፣ ያሳዝናል።»

ሐኪሟ ዞር ብላ ልጅቷን አየቻት። ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ መሬት መሬት ታያለች። ጋሽ ጆሮ የሁለቱን ፊት ሲያይ የሆነ ነገር እንደተበላሸ ጠረጠረ፤ ግን ምን እንደሆነ አልገባውም። ሽቦውን ሊነቅል እጁን ወደ ሞተሩ ሰደደ፤ መዳፉ ሲያርፍበት ብረቱ ይንቀጠቀጣል። ይርገበገባል እንጂ! በሕይወት ያለ፣ ጤነኛ፣ የሚሠራ ሞተር ነው ሞቷል ብሎ የለቀሰለት። ቆሌው ተገፈፈ።

እዚህ ላይ ያመነ ሰው ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚሁ ያልቅ ነበር። ጋሽ ጆሮ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ ደረቱን ነፋ።

«ሞቷል ያልኩት ሞተሩን መሰላችሁ?» አለ። «ውስጡ ያለውን ጥርስ ነው እንጂ! ሞተሩማ ይሠራል። ጥርሱ አልቆ በከንቱ ነው የሚዞረው። ከፍቼ ላሳያችሁ!»

«ጥርስ ከሆነስ እኔም አለሁበት» አለች ሐኪሟ፤ አልሰማትም።

በሙያው ሕግ መጀመሪያ የሚታየው ውጭ ያለው ክንድ ነው። «ከውጭ ጀምሪ፣ ቀላሉን ሳታዪ ከባዱን አትፍቺ» እያለ ለልጁ አሥራ ሁለት ዓመት የጮኸው ራሱ ነበር። ኩራት ግን ዓይን አለው እንዴ? ወጣ ብሎ ክንዱን እንኳ ሳያይ በቀጥታ የሞተሩን ክዳን ብሎኖች መፍታት ጀመረ፤ እጁ ሲሠራ አፉም እንዳያርፍ አደራ የተባለ ይመስል ወሬውን ለቀቀው።

«አዩ ዶክተር፣ ይሄ ሞተር የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደ አንድ አቅጣጫ መዞር። ቀን ከሌት ቢለቁት ወደዚያው ነው የሚዞረው። በጣም ይፈጥናል፤ ጉልበት ግን የለውም። ይህን ፍጥነቱን ይዞ መስታወት ላይ ቢወጣ መጥረጊያውን ጎረቤት ጣሪያ ላይ ይወረውረዋል! ስለዚህ ጫፉ ላይ እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ጥርስ አለው። ብሎኑ አንድ ጊዜ ሲዞር ትልቁን የፕላስቲክ ጥርስ የሚያራምደው አንዲት እርምጃ ብቻ ነው። ፍጥነቱ ተሸጠና ጉልበት ተገዛበት ማለት ነው።»

«ይገባኛል፣ ግን…» አለች ሐኪሟ።

«እሺ፣ መዞሩንስ ዞረ፤ መጥረጊያ ግን መሄድና መመለስ እንጂ መዞር ምን ያደርግለታል? እዚህ ላይ ነው ብልሃቱ! ከትልቁ ጥርስ መሐል ሳይሆን ወደ ዳር አንዲት ዘንግ ተሰክታለች። ጥርሱ ሲዞር ዘንጓ አንዴ ትገፋለች፣ አንዴ ትስባለች፤ የመጥረጊያውን እግር ወዲያና ወዲህ የምታመላልሰው እሷ ናት። ሞተሩ አንድም ቀን ወደ ኋላ አይዞርም፤ መጥረጊያው ግን ይመለሳል!»

«ጋሼ…»

«ሌላም አለ! መጥረጊያው መሐል ላይ ሳለ ቢያጠፉት ለምን እዚያው ቆሞ አይቀርም? ጥርሱ ላይ የመዳብ ቀለበት አለ። እርስዎ ቢያጠፉትም ቀለበቱ በጎን በኩል መብራት ያቀብለዋል። ቀለበቱ አንድ ቦታ ላይ ተቆርጧል፤ ቁርጡ ጋ ሲደርስ ነው መብራቱ የሚጠፋው። መጥረጊያው ቤቱ ገብቶ ሳይተኛ ሞተሩ አይተኛም!»

ይህን ሁሉ ሲያወራ ሃያ ደቂቃ አለፈ። የመጨረሻውን ብሎን ፈታ፣ ክዳኑን አነሳ፣ «ይኸውላችሁ!» ብሎ እጁን ዘረጋ።

ትልቁ ጥርስ ግራሶ እንደተቀባ፣ ነጭ፣ ሙሉ፣ አንድ እንኳ ያልጎደለው ሆኖ ተቀምጧል። ሐኪሟ ከልማዷ ጎንበስ ብላ አየችው።

«ይሄ አፍ ጤነኛ ነው» አለች።

ጋሽ ጆሮ ይህቺን ከሐኪሟ ፊት አነበባት። ልጁ ሳትታዘዝ ሄዳ ማብሪያውን ገፋችው። ክዳኑ ክፍት ስለሆነ ሁሉም ይታያል፤ ብሎኑ ይዞራል፣ ጥርሱ ይራመዳል፣ ዘንጓ ትገፋለች ትስባለች፣ ልክ እሱ እንዳወራው። ውጭ ያለው ክንድ ግን መስታወቱ ላይ ተጋድሞ ንቅንቅ አይልም። ያኔ ነው ጋሽ ጆሮ ዞሮ ክንዱን ያየው። ሥሩ ላይ ክንዱን ከዘንጉ ጋር የምታስረው ዳዶ ላልታለች። ዘንጉ ይመላለሳል፣ ክንዱ አይከተለውም፤ በቃ፣ ይኸው ነው። አንድ ዳዶ! ግማሽ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ!

ዓይኑ ከዳዶዋ ወደ ልጁ እጅ ሄደ። አስር ቁጥሯን ቁልፍ እንደያዘች ነው። ገና ሞተሩ ዝዝ ሲል አውቃ ነበር ማለት ነው። አውቃ፣ አባቷ ሰው ፊት እንዳያፍር ብላ፣ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ያቺን ቁልፍ በእጇ ይዛ ዝም አለች። እንደዚህ የምትሳሳለት ልጅ ናት የናቀችው?

ደግሞ አሁንም ውሸት አላጣም። «ግራሶውን ስነካካው ተስተካከለ እኮ» የምትል አንዲት ማምለጫ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። አፉንም ከፍቶ ነበር። ልጁ ግን ጀርባዋን ሰጥታው ወደ መስታወቱ ዞራለች፤ ከኋላዋ ሲያያት ጉንጯ ይንቀሳቀሳል። እየተናገረች ነው። ለሦስተኛ ጊዜ እየነገረችው ነው። ትከሻዋ ሲነሳና ሲወርድ አየ፤ አንገቱም በለመደው መንገድ ሊነቀነቅ ጀመረ።

«አልሰማም!» አለ ጋሽ ጆሮ።

የማይሰማ ሰው የገዛ ድምፁን መጠን አያውቅም። ጩኸቱ ከጋራዡ ወጥቶ መንገዱን ተሻገረ፤ ቀጥቃጩ መዶሻውን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ።

«አልሰማም! ስምንት ወር ሆነኝ! ሰኞም አልሰማሁሽም፣ ማክሰኞም አልሰማሁሽም! ለምን እንደምትሄጂ አላውቅም! ጥሩ ነው ያልኩት ዝም ብዬ ነው! ምኑ ነው ጥሩው? አንቺ ሄደሽ ምን ጥሩ ነገር አለ?»

«እኔ… ወጣ ልበል?» አለች ሐኪሟ። ግን አልወጣችም። ጎማ ላይ ተቀመጠች።

ልጅቷ ዞረች። ፊቷ እንባ በእንባ ሆኗል። ቀስ ብላ፣ አባብላ የምትናገረው እንዳይመስላችሁ፤ እየተንደረደረች መጥታ ኮሌታውን ያዘችና ግራ ጆሮው ላይ ጮኸችበት።

«ከኔ ጋር ምሳ መብላት የተውከው ለዚህ ነው?»

«ምን አልሽ?»

ቃሉ ራሱ ነው ያመለጠው። ስምንት ወር ሙሉ ለማንም ያልተናገራት ቃል ናት። ልጁ ደግማ ጮኸችበት፤ አሁን ገባው። እውነትም ከስምንት ወር ወዲህ ምሳውን ይዞ ከጎማው ክምር ጀርባ እየሄደ ግድግዳ እያየ ብቻውን ይበላ ነበር።

«ሰው ሲበላ ያወራል» አለ፣ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ አቀርቅሮ። «እያኘኩ ሲያወሩ ደግሞ ከንፈር አይነበብም። ምን ብዬ ልመልስልሽ?»

«እኔ እኮ ጆሮ ዳባ ልበስ ያልከኝ መስሎኝ!» ጓንቷን አውልቃ ደረቱን በጓንቱ መታችው። «የጠላኸኝ መስሎኝ! ምን አጠፋሁ እያልኩ ስንት ቀን አለቀስኩ! ስጠራህ ዝም፣ ስጠይቅህ ጥሩ ነው! አባቴ ካላናገረኝ እዚህ ምን እሠራለሁ ብዬ ነው የምሄደው! ሁለት ጊዜ ነገርኩህ፣ ሁለቴም ጥሩ ነው አልከኝ! ምን ዓይነት ሰው ነህ?»

ይህን ሁሉ ጆሮው ሥር ነው የጮኸችው፤ አንድም አላመለጠውም። አርባ ዓመት የሰው መኪና ሲያዳምጥ ኖሮ እቤቱ ውስጥ የተበላሸውን አላወቀም።

«አንቺን? አንቺን ልጥላ?» አለ። ግራሶ በለበሰ እጁ እንባዋን ልጥረግ ቢል ጉንጯን አጠቆረው።

ሐኪሟ አፍንጫዋን ተናፈጠችና ተነሳች። «እንግዲህ ጓደኛዬ የጆሮ ሐኪም ናት፤ ነገ እወስድዎታለሁ» ብላ በዚያው በግራ በኩል ጮኸችበት። «እድለኛ ከሆኑ የተጠራቀመ ኩክ ብቻ ሊሆን ይችላል።»

«ኩክ?» አለች ልጅቷ። «ስምንት ወር ያለቀስኩት በኩክ ነው?» ብላ፣ እንባዋ ሳይደርቅ፣ ሳቅ አፈናት። ሐኪሟም ተከተለቻት። ጋሽ ጆሮ ምን እንደሚያስቃቸው ባያውቅም አብሮ ሳቀ።

ከዚያ ጋሽ ጆሮ የፈታውን ክዳን መልሶ ገጠመ፤ ልጅቷ ደግሞ ወጥታ ክንዱን በቦታው አስተካክላ ዳዶዋን በአስር ቁጥሯ አጠበቀች። ግማሽ ደቂቃ። ሐኪሟ ማብሪያውን ስትገፋው መጥረጊያው የደረቀውን ጭቃ እየፋቀ ሄዶ ተመለሰ፤ ስታጠፋው ደግሞ መንገዱን ጨርሶ ቦታው ላይ ተኛ። ሴትዮዋ ሁለቱንም አመስግና፣ ቀጠሮውን እንዳትረሱ ብላ፣ ወደ ኋላ እየነዳች ወጣች። በሩን አልገጨችም።

አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ጋሽ ጆሮ ካቻቢቴውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አገላበጠ። ከጠዋት ጀምሮ የሚያብሰለስለውን ጥያቄ ለመጠየቅ ፈራ፤ ግን መፍራቱም ሰለቸው።

«ቅዳሜስ?» አለ።

ልጁ የተበተኑትን መሣሪያዎች እየሰበሰበች አንድ ነገር መለሰችለት።

«ምን አልሽ?»

መሣሪያውን አስቀምጣ መጣች፣ ሁለት እጇን እንደ ጥሩምባ አፏ ላይ ሠራች፣ ግራ ጆሮው ላይ ደቀነችና ባላት ድምፅ ሁሉ «የትም አልሄድም!» አለችው። ማዶ ያለው የትልቁ ጋራዥ ባለቤት ምን ተፈጠረ ብሎ በሩ ላይ ብቅ አለ።

ሰምቷል። ጥርት አድርጎ ነው የሰማው። መዳፉን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ እሷ ጎንበስ አለ።

«ምን አልሽ?»